ኤርምያስ 29፥11ን ለተመራቂዎች ከማተማችን በፊት፦ የተስፋ ቃል እንዴት ይያዛል?

የጣና ዳር ልጅ | ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በባሕር ዳር ለሚመረቁ ተማሪዎች የ6 ሳምንት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እያዘጋጀን ነው። ቡድኑ 12 ሰው ነው፤ ከኦርቶዶክስም ከወንጌላውያንም የመጡ አሉበት። በመጨረሻው ቀን ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ልንሰጥ አስበናል። የሚታተመው እንደተለመደው ኤርምያስ 29፥11 ነው፤ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው።

ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ተመራቂው ካርዱን ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሲያሳድድ ይከርማል፤ ሳይሳካለት ሲቀር «እግዚአብሔር ቃሉን አልጠበቀም» ይላል። እኛ ያልተሰጠውን ቃል አስይዘነው ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ ምስክርነት ሳይሆን አሠራር ነው። ምን ይነበብ? በምን ተራ? ሰው የሚስተው የት ላይ ነው?

ብራና | ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 3፡40

ካርዱን አትተወው ወንድሜ፤ ጥቅሱን ግን ከጎረቤቶቹ አትነጥለው። ጥናቱን ከምዕራፍ 28 ጀምር። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በእግዚአብሔር ቤት፣ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ቆሞ የተማረከው ዕቃና የተማረኩት ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ከባቢሎን ይመለሳሉ አለ። ከኤርምያስ አንገት ላይም የእንጨቱን ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ መጀመሪያ የመለሰለት «አሜን» ብሎ ነው (28፥6)። ይህችን ቁጥር እንዳታልፉ። ነቢዩ የሕዝቡ መከራ እንዲረዝም አልፈለገም፤ የተቀበለው ቃል ግን ሌላ ነበር። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

በመጽሐፉ ተራ ቀጥሎ የሚመጣው ምዕራፍ 29 ደብዳቤ ነው። የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከንጉሡ ከኢኮንያን ጋር ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ምርኮኞች ነው። ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል። የቂሮስ የመመለስ ዐዋጅ የወጣው በ538 ነውና፣ በ40 ዓመቱ ተማርኮ ደብዳቤውን የሰማ ሰው መመለሱን ለማየት 100 ዓመት ገደማ መኖር ነበረበት። «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የተባለው ለእነዚህ ሰዎች ነው። አብዛኞቹ በባዕድ አገር ተቀብረዋል፤ ልጆቻቸው ግን ተመልሰዋል።

እስኪመጣ ድረስ ምን ያድርጉ? ቁጥር 5 እስከ 7 ላይ አለ፦ ቤት ሥሩ፣ አታክልት ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ፣ አግቡና ውለዱ፣ ስለ ተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ለሥራ ፈላጊ ተመራቂ ከቁጥር 11 እኩል የሚያስፈልገው ይህ ነው። ያገኘውን ሥራ ይያዝ፣ ሙያ ይጨምር፣ ለከተማው ይጸልይ። ካርዱ ሁለት ገጽ ይኑረው፤ በፊቱ 10 እና 11ን፣ በጀርባው 5 እስከ 7ን አትሙ።

የሰንበት ተማሪ | ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 1፡05

ብራና ባለው ላይ ስለ ቃሉ ራሱ ልጨምር። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ተስፋ» ሁለት ሸክም ይሸከማል። በግሪኩ «ኤፓንጌሊያ» (ቃል መግባት) የሚለውም፣ «ኤልፒስ» (በጎ ነገር መጠበቅ) የሚለውም ወደ እኛ ሲመጡ ሁለቱም ተስፋ ይሆናሉ። እኛ ግን በአነጋገራችን እንለያቸዋለን፤ ተስፋ መስጠት አለ፣ ተስፋ ማድረግ አለ። የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ የሚያደርገው ሰው ነው። ሰው ያልተሰጠውን ተስፋ ያደርግና ሲቀርበት ሰጪውን ይከሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ብቻ አስረዳቸው፤ ግማሹ ግራ መጋባት እዚያ ይጠራል።

አማኝና ታማኝም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አሜንም እዚያው ነው። ዕብራውያን 10፥23 ተስፋውን ያለ መናወጥ እንጠብቅ ካለ በኋላ ምክንያቱን ሲሰጥ የእኛን ጥንካሬ አያነሣም፤ «የተስፋን ቃል የሰጠው የታመነ ነውና» ይላል። አማኙ የሚደገፈው በታማኙ ላይ ነው።

በእኛ ትምህርት ለአዳም የተሰጠው ኪዳን አምስት ቀን ተኩል ተብሎ በሰው አቆጣጠር 5,500 ዘመን ተጠብቋል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። አቅርብላቸው፤ መዘግየት ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አለመሆኑን ያያሉ።

ግሽ ዓባይ | ሰኔ 10፣ ከቀኑ 6፡30

እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁሉንም «ለእስራኤል ነው»፣ «ለምርኮኞቹ ነው» ካልን ለእኛ ምን ይቀራል? ሰው በጭንቀቱ ሌሊት የሚይዘው ቃል ይፈልጋል። የታሪክ ትምህርት ሰጥተን ባዶ እጁን እንዳንሸኘው እፈራለሁ።

ብራና | ሰኔ 10፣ ከምሽቱ 1፡20

ፍርሃትህ ትክክል ነው። መልሱ 2ኛ ቆሮንቶስ 1፥20 ላይ ነው፤ የእግዚአብሔር ተስፋዎች ሁሉ አዎን የሚሆኑት በክርስቶስ ነው። የሌላ ሰው ፖስታ ቀድደን በራሳችን ስም አናነብም፤ በክርስቶስ በኩል ግን ወራሾች ነን። መስመሩ እንዲህ ነው፦ ቃሉ መጀመሪያ ለማን ተባለ፣ በክርስቶስ ምን ሆነ፣ ከዚያ ወደ እኔ እንዴት ደረሰ። መካከለኛዋን የዘለለ ሰው ነው የሚጎዳው።

ተስፋዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በዘፍጥረት 9 ለኖኅ የተሰጠው ለምድር ሁሉ ነው፤ የሰው ድርሻ የለበትም። እኛ «የማርያም መቀነት» የምንላት ቀስተ ደመና በጣና ላይ ስትዘረጋ ያ ቃል ዛሬም ይሠራል። ዘዳግም 28 ደግሞ «ብትሰማ» ብሎ ይጀምራል፤ ሁኔታ አለው። ካሌብ በ40 ዓመቱ ተቀብሎ በ85 ዓመቱ «ይህን ተራራማ አገር ስጠኝ» ያለበት (ኢያሱ 14) ለአንድ ሰው የተነገረ ነው፤ እኔ ያንን ጠቅሼ የጎረቤቴን መሬት ልጠይቅ አልችልም። ምሳሌ 22፥6 ደግሞ የጥበብ ቃል ነው፤ ልጅን በሚሄድበት መንገድ መምራት ብዙ ጊዜ የሚያፈራውን ይናገራል። ልጃቸው የጠፋባቸውን ወላጆች በዚህ ቁጥር መክሰስ ጭካኔ ነው።

በጭንቀት ሌሊት የሚያዘው የትኛው ነው ካልክ፣ በክርስቶስ ላለ ሰው ሁሉ በቀጥታ የተነገሩ አሉ። «እኔም እስከ ዓለም ፍጻሜ ድረስ ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ነኝ» (ማቴዎስ 28፥20)። ኃጢአቱን የሚናዘዝ ይቅር እንደሚባል (1ኛ ዮሐንስ 1፥9)። የሙታን ትንሣኤ (ዮሐንስ 6፥40)። ከፍቅሩ የሚለየን ምንም እንደሌለ (ሮሜ 8፥38 እና 39)። «በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ» የሚለውም (ዮሐንስ 16፥33) የጌታ ቃል ነው፤ መከራ ሲመጣ ቃሉ ፈረሰ ሳይሆን እንዳለው ሆነ ማለት ነው።

ዘጌ ደን | ሰኔ 10፣ ከምሽቱ 3፡10

ስለ ሁኔታ ላለው ኪዳን ተማሪዎቹ በዓይናቸው ሊያዩት የሚችሉት ምሳሌ አለ። ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ድረስ ውሰዷቸው። በዘጌ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም የተቀበሉት ቃል ኪዳን ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ ከዛፍ ፍሬ ይኖራል የሚል ነው። ሕዝቡም ሞፈር አላነሣም፤ ቡናውን፣ ጌሾውን፣ ሎሚውን ይዞ ኖረ። ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ ልሳነ ምድሩ ዛሬም ደን ነው። ቃል ኪዳን የተቀበለ ሰው ድርሻው ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትም እዚያው ስለሆነች በዚያው ቀን ስለ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ማስተማር ይቻላል።

ወለተ ጽዮን | ሰኔ 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

ልጆቼ፣ መልካም ትጽፋላችሁ። «ሰው የሚስተው የት ላይ ነው» ለሚለው ጥያቄ ገና በቂ መልስ አላየሁምና እኔ ልሞክር።

የመጀመሪያው ስሕተት እግዚአብሔርን ማገዝ ነው። አብራም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። በከነዓን 10 ዓመት ከቆየ በኋላ ሣራ አጋርን ሰጠችው፤ እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 99 ዓመቱ ድረስ እግዚአብሔር እንደ ተናገረው አልተጻፈም፤ አሥራ ሦስት ዓመት! ይስሐቅ የተወለደው በ100 ነው። አቋራጩ ቃሉን አላፈረሰውም፤ ቤቱን ግን ለሁለት ከፈለው፣ አጋርንም ሕፃኑንም ለምድረ በዳ ዳረገ።

ሁለተኛው በመጨረሻዋ ሰዓት መልቀቅ ነው። ሳኦል የተባለውን ሰባት ቀን ጠብቋል። ሕዝቡ ሲበተንበት መሥዋዕቱን ራሱ አቀረበ፤ አሳርጎ እንደ ጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ (1ኛ ሳሙኤል 13)። ዳዊት ግን ለንግሥና ተቀብቶ ሳለ ሳኦልን ሁለት ጊዜ በእጁ አገኘውና አልነካውም፤ የነገሠው በ30 ዓመቱ ነው። መንግሥቱ የተሰጠችው ሰው በግድያ አይወስዳትም። ለተመራቂ ሲተረጎም፣ «እግዚአብሔር ሥራ ይሰጠኛል» ብሎ የሚያምን ሰው ጉቦ አይከፍልም፣ የሐሰት የልምድ ደብዳቤ አያሠራም። ይህን በግልጽ ንገሯቸው።

ሦስተኛው ትዕዛዝ ካለፈ በኋላ በድፍረት መውጣት ነው። ዘኍልቁ 14ን ተመልከቱ። ውጡ ሲባሉ አልወጡም፤ አትውጡ ሲባሉ በማግስቱ ተራራውን ወጡና እስከ ሔርማ ድረስ ተመቱ። የምድሪቱ ተስፋ ያው ነበር፤ እነርሱ ግን ከመታዘዝ ውጭ ሊወስዱት ፈለጉ።

አራተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ሰይጣን ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ጣል ሲለው የጠቀሰው የተስፋ ቃል ነው፣ መዝሙር 90። ሲጠቅስ ግን «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ትቶታል። ከመንገድ የወጣ ሰው በዚያ ቃል ሊሸፈን አይችልም፤ ጌታም በዘዳግም 6፥16 መለሰለት፣ «አትፈታተነው» ብሎ። መዝሙር 90ን ገልጦ ትራስ ሥር ማድረግና መብራት በሌለው ጀልባ በሌሊት ማዕበል ውስጥ መግባት አንድ ላይ አይሄዱም።

በርናባስ | ሰኔ 11፣ ከቀኑ 7፡45

እትዬ ወለተ ጽዮን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በወንጌላውያኑ በኩል ያለውን አደጋ እኔ ልናገር። «ቃል ወጣልህ» ተብሎ ቀን የሚቆረጥለት ወጣት ብዙ ነው፤ «በሦስት ወር ቪዛህ ይመጣል» ይባላል። ሳይመጣ ሲቀር እምነትህ አንሶ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር በዘዳግም 18፥22 ይመዘናል፤ የተናገረው ያልሆነ ነቢይ በድፍረት ተናግሯል፣ ተጠያቂው እርሱ ነው። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20 እና 21 ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ግን ፈትኑ ይላል፤ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ይነበቡ። ቃሉ ከገንዘብ ጋር ከታሰረ ደግሞ 2ኛ ነገሥት 5ን ክፈቱ። ኤልሳዕ ከንዕማን አንዳች አልወሰደም። ግያዝ ግን ተከትሎ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ ለምጹም በእርሱ ላይ ተጣበቀ።

ግሽ ዓባይ | ሰኔ 11፣ ከምሽቱ 1፡00

ስለ ሕመምስ? የእምነት ጸሎት ድውዩን ያድናል የሚለውን ያዕቆብ 5ን ይዘው መድኃኒት የሚያቋርጡ አሉ። «ከጸለይኩ በኋላ ኪኒን መዋጥ አለማመን ነው» ይላሉ።

ወለተ ጽዮን | ሰኔ 11፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጄ፣ ለዚህ ሕዝቅያስ ይበቃል። 2ኛ ነገሥት 20ን አንብብ። በኢሳይያስ በኩል 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር አፍ ተነገረው። ከዚህ የጠራ የፈውስ ቃል ማን አገኘ? በዚያው ሰዓት ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና በእባጩ ላይ አድርጉ አለ። ቃሉም ነበረ፣ መድኃኒቱም ነበረ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን በሰዓቱ ይዋጥ፤ በተለይ የሳንባ ነቀርሳና የስኳር ታማሚ አንድ ቀን እንዳያጓድል። ያልተፈወሰውንም ሰው እምነትህ ጎደለ አትበሉት። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም፤ የተሰጠው «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው።

የሰንበት ተማሪ | ሰኔ 11፣ ከምሽቱ 2፡30

ስእለትን ከዚህ ለይታችሁ አስተምሩ። ስእለት ሰው ለእግዚአብሔር የሚገባው ቃል ነው፤ የተስፋ ቃል እግዚአብሔር ለሰው የገባው ነው። ሰው ሲቀላቅላቸው «ይህን ካደረግህልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ያለውን የእግዚአብሔር ግዴታ አድርጎ ይቆጥረዋል። መክብብ 5፥5 የሚያስረው ተሳዩን ነው፤ ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል።

የእምነት ልኩ ደግሞ ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው። ታኅሣሥ 19 በገብርኤል በዓል ከእሳቱ መዳናቸውን እናከብራለን፤ ከእሳቱ በፊት ያሉትን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ዳንኤል 3፥17 አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ 3፥18 «እርሱ ባያድነን» እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ እስትንፋስ እንዲያነብቡ አድርግ። በ17 የሚቆም ለምኞቱ ይታመናል፣ በ18 ብቻ የሚቆም ተስፋ ቆርጧል።

ደንገል | ሰኔ 12፣ ከጠዋቱ 2፡20

ስለ መጠበቅ ከዚሁ ከሐይቃችን አንድ ነገር ልጨምር። የጣና ውኃ ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ አይደለም፤ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የተሸከሙት ገና እየገባ ስለሆነ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሐይቁ ይሞላል። ምሳሌ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ዕንባቆም 2፥3ን፣ ቢዘገይም ጠብቀው የሚለውን፣ ሲያነብቡ ግን በዚህ ቢያስታውሱት ይጠቅማቸዋል።

ወደ አሠራሩ ስመጣ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደብተር ስጥና ገጹን በአምስት ዓምድ ያስምሩት፦ ቃሉ፤ ለማን ተባለ፤ ሁኔታ አለው ወይ፤ በክርስቶስ ምን ሆነ፤ የእኔ ድርሻ። ምዕራፉን በሙሉ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ሳያነብቡ አንድም ዓምድ አይሞሉ። በ6 ሳምንት ከ3 ቃል በላይ አይያዙ፤ የበዛ ሁሉ ሳይታኘክ ይዋጣል። በብዛት የሚበላሸው የመጀመሪያው ዓምድ ነው፤ የጥቅሱን ቃል ሳይሆን የራሳቸውን ምኞት ይጽፉበታል። «ዘንድሮ ቤት ይሰጠኛል» የሚል ካየህ ቁጥሩን ጠይቅ፤ ቁጥር ከሌለው ወደ ልመና ገጽ ይዛወር። ልመና ክቡር ነገር ነው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው።

ብራና | ሰኔ 12፣ ከቀኑ 5፡15

የደንገል አምስት ዓምድ ጥሩ ነው፤ ጸሎቱን ግን አትርሱ። ዳንኤል በምዕራፍ 9 የኤርምያስን ሰባ ዓመት አንብቦ ዘመኑ መድረሱን ባየ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጾመ፣ ማቅ ለበሰ፣ ጸለየ። ጸሎቱን ክፈሉት፤ ከቁጥር 4 እስከ 15 ያለው በብዛት ኑዛዜ ነው፣ ልመናው ከ16 እስከ 19 ብቻ ነው። ዳዊትም «እንደ ተናገርህ አድርግ» ብሎ ጸለየ (2ኛ ሳሙኤል 7፥25)። የተሰጠ ቃል ጸሎትን አይተካም፤ ምን ብለን እንደምንጸልይ ያስተምረናል።

ማጉረምረምና ማልቀስም ይለዩ። መዝሙር 88 ለዳዊት የተማለውን ኪዳን በሰፊው ከዘመረ በኋላ «የቀድሞ ምሕረትህ ወዴት ነው?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። ይህ ክህደት አይደለም፤ ቃሉን በባለ ቃሉ ፊት ማንሣት ነው።

የሰንበት ተማሪ | ሰኔ 12፣ ከቀኑ 6፡00

ዳዊትን በቀን ከፍለው ለሚደግሙ፣ 88 እና 90 ሁለቱም የሐሙስ ናቸው (ከ81 እስከ 110)። ልቅሶውና መጠጊያው በአንድ ቀን ይገኛሉ። የቁጥሩን ነገር አስቀድመህ ንገራቸው፤ በእኛ ዳዊት 88 እና 90 የሆኑት በአንዳንድ ትርጉሞች 89 እና 91 ናቸው። ካልነገርካቸው አሥር ደቂቃ ገጽ ፍለጋ ይሄዳል።

የጣና ዳር ልጅ | ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 2፡00

እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ያስተካከልኩት ይኸው፤ እያንዳንዱ ስብሰባ 90 ደቂቃ ነው።

1ኛ ሳምንት፦ ተስፋ መስጠትና ተስፋ ማድረግ፤ ደብተሩን ማስመር።
2ኛ፦ ኤርምያስ 28 እና 29 በሙሉ።
3ኛ፦ አብርሃም፣ ዘፍጥረት 12፣ 15፣ 16 እና 21።
4ኛ፦ ሳኦልና ዳዊት፤ ማቴዎስ 4፤ ስእለት፣ ከመሳፍንት 11 ከዮፍታሔ ጋር።
5ኛ፦ ሕዝቅያስ፣ ሠለስቱ ደቂቅ፣ መዝሙር 88።
6ኛ፦ ዳንኤል 9 እና ዕብራውያን 11፤ ዘጌ ላይ፣ ካርዱም እዚያ ይሰጣል።

ወለተ ጽዮን | ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 2፡45

4ኛው በዝቷል ልጄ። የዮፍታሔን ታሪክ ብታነሣ 90 ደቂቃውን ብቻውን ይጨርሰዋል፤ በእርሱ ፋንታ የያዕቆብን ስእለት ውሰድ፣ ዘፍጥረት 28፥20፣ በመንገዱ መጠበቅን፣ እንጀራንና ልብስን የለመነበትን። 3ኛው ላይ ደግሞ በምዕራፍ 15 እንዳትቸኩል። የሦስት ዓመት ጊደር፣ ፍየልና በግ ለሁለት ተከፈሉ። በኤርምያስ 34፥18 እንደምታየው በተከፈለው መካከል የሚያልፍ ሰው ቃሉን ካፈረሰ እንደ እንስሳው እንዲሆን በራሱ ላይ ይፈርዳል። አብራም ግን አላለፈም፤ ከባድ እንቅልፍ ወድቆበት ነበር። በመካከል ያለፈው የሚጤሰው ምድጃና የእሳቱ ነበልባል ብቻ ነው፤ መሐላውን እግዚአብሔር ብቻውን ተሸከመው። አብራም ያን ቀን የሠራው እንስሳቱን ማቅረብና መክፈል፣ ከዚያም እስኪመሽ ድረስ የወረዱትን አሞሮች ማባረር ነው (15፥11)። «የእኔ ድርሻ» የሚለውን ዓምድ ስታስረዳ ከዚህ ጀምር።

የጣና ዳር ልጅ | ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 3፡05

እሺ እትዬ፣ ዮፍታሔን አውጥቼዋለሁ። ካርዱም በሁለት ገጽ፣ ከቁጥር 5 እስከ 7 ያለው በጀርባው ሆኖ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል።